ለጎጃም ጉዞ አንድ ዙም ሌንስ ብቻ፦ የቱ ይሻላል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለጥር 23 የፈረስ በዓል እንጅባራ ሄጄ ነበር። ሁለት ሌንስ ይዣለሁ። ፈረሶቹ ከሩቅ ሲጋልቡ ረጅሙን እሰካለሁ። ፈረሰኞቹ አጠገቤ ደርሰው ሲያቅራሩ አጭሩን። እንዲህ ስነቅል ስሰካ ዋልኩ። ሜዳው ደግሞ በሰኮና የተፈጨ አቧራ ነው።

ማታ ማረፊያዬ ገብቼ ፎቶዎቹን ላፕቶፕ ላይ ስከፍታቸው ሰማዩ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ አየሁ። የመጀመሪያው ላይ ወፍ መስሎኝ ነበር። ሁለተኛውም ላይ እዚያው ቦታ አለ። ሦስተኛውም ላይ። ወፍ ቢሆን ኖሮ እስካሁን በርሮ ይሄድ ነበር። ሴንሰሩ (ካሜራው ውስጥ ብርሃኑን የሚቀበለው ሰሌዳ) ላይ የተቀመጠ አቧራ ነው። ከዚያ በላይ ያንገበገበኝ ግን ያመለጠኝ ነገር ነው። አንድ ሽማግሌ ፈረሰኛ ፈረሳቸውን በሁለት እግሩ አቁመውት እንደነበር የሰማሁት ከጎኔ ከቆመው ልጅ ነው። እኔ በዚያች ሰዓት አንገቴን ደፍቼ የሌንስ ክዳን እፈልግ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጎጃምን ስዞር አንድ ዙም ሌንስ ብቻ ነው የምይዘው። ከቤት ስወጣ ካሜራው ላይ ይሰካል፣ እስክመለስ አይነቀልም። "የቱን ልግዛ?" የሚለው ጥያቄ ግን ቀላል አይደለም። 18–55 አለ፣ 18–135 አለ፣ 18–400 አለ፣ 24–105 አለ። ሻጩ ሁሉንም "አሪፍ ነው" ይላል። እኔ የምሸጠው ነገር ስለሌለኝ መመዘኛውን እናስቀድም፤ የሌንሶቹ ተራ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ስለ ቁጥሮቹ አንድ ነገር

18–55 ማለት ሌንሱ ከ18 እስከ 55 ሚሊ ሜትር ይሄዳል ማለት ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ እይታው ይሰፋል፣ ሲበዛ ሩቁ ይቀርባል። ሌንስ ላይ የተጻፈው ሚሊ ሜትር ግን በሁሉም ካሜራ ላይ አንድ ዓይነት እይታ አይሰጥም። ካሜራችሁ ፉል ፍሬም (ሴንሰሩ ትልቁ) ከሆነ ቁጥሩን እንዳለ ውሰዱት። ክሮፕ ሴንሰር (አነስ ያለው) ከሆነ በ1.5 አባዙት፤ ካኖን ከሆነ በ1.6። ስለዚህ 18 ሚ.ሜ ክሮፕ ካሜራ ላይ ሲሰካ የሚያየው፣ ፉል ፍሬም ላይ 27 ወይም 29 የሚያየውን ያህል ነው። ይህን ሳያውቁ የሚገዙ ሰዎች በኋላ "ሌንሱ ጠበበኝ" ይላሉ።

መመዘኛ አንድ፦ ሰፊው ጫፍ

ለጎጃም ከሁሉም አስቀድሜ የማየው ይህን ነው። ምክንያቱን ዘጌ ሄዳችሁ ታገኙታላችሁ።

ከባሕር ዳር በጀልባ ተሻግራችሁ፣ በቡናው ጫካ መሐል ሽቅብ ወጥታችሁ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ትደርሳላችሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው። መሐሉ ላይ ባለ አራት ማዕዘኑ መቅደስ ቆሟል። ሥዕሎቹ ያሉት በመቅደሱ የውጭ ግድግዳ ላይ ነው፤ ከታች እስከ ላይ ቦታ አልቀረም። እናንተ የምትቆሙት በዙሪያው ባለው መተላለፊያ ላይ ነው። ወደ ኋላ መሸሽ የሚባል ነገር የለም። ትንሽ ካፈገፈጋችሁ ጀርባችሁ ከሌላው ግድግዳ ጋር ይገናኛል።

ሂሳቡን እንሥራው። ከሥዕሉ 2.5 ሜትር ርቃችሁ ብትቆሙ፣ ፉል ፍሬም ላይ 24 ሚ.ሜ ሌንስ 3.75 ሜትር ስፋት ያስገባላችኋል። 28 ከሆነ 3.2 ሜትር ገደማ። ክሮፕ ላይ ያለ 18ም እዚያው አካባቢ ነው። ልዩነቱ ግማሽ ሜትር ነው። ግማሽ ሜትር ምን ትሠራለች ትሉ ይሆናል። የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ ጅራት ናት። አንዳንዴም ዘንዶው ራሱ።

ረጅሙ ጫፍ ቢያጥርባችሁ መላ አለው፦ ትቀርባላችሁ፣ ወይም ፎቶውን በኋላ ክሮፕ ታደርጋላችሁ (ዳር ዳሩን ትቆርጡታላችሁ)። ሰፊው ጫፍ ሲጠብ ግን ያልገባው አልገባም። ሁለት ሦስት ፎቶ አንስቶ በኮምፒውተር መስፋት ይቻላል፤ ሰው በሚመላለስበት ጨለማ ውስጥ ግን ሲሳካልኝ አላየሁም።

መመዘኛ ሁለት፦ ብርሃን

ከዘጌ አልወጣንም።

"አባ፣ ፎቶ ማንሳት ይቻላል?"

"ይቻላል ልጄ። ያቺን የምትበራውን ግን ተዋት።"

ፍላሹን ማለታቸው ነው። ከዚያ ትልቁን የእንጨት በር በትከሻቸው ገፋ አደረጉልኝ። ብርሃኑ ምንጣፉ ላይ ተንሸራቶ ሄዶ የሥዕሉን የታችኛውን ረድፍ ብቻ ነካው። ከወገብ በላይ ጨለማ ነው።

እዚህ ላይ የኤፍ ቁጥር ነው የሚፈርደው። ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር የሌንሱ ቀዳዳ ይሰፋል፣ ብዙ ብርሃን ይገባል። በኤፍ 5.6 እና በ1/30 ሰከንድ የመዝጊያ ፍጥነት ሲነሣ አይኤስኦ (ሴንሰሩ ለብርሃን ያለው ስሜት) 6400 የሚጠይቅ ቦታ፣ በኤፍ 4 3200 ይበቃዋል፣ በኤፍ 2.8 ደግሞ 1600። ከ5.6 ወደ 2.8 ሲኬድ የሚገባው ብርሃን አራት እጥፍ ነው። ቆየት ያለ ክሮፕ ካሜራ ላይ 6400 ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል፤ ፎቶው ላይ ጤፍ የተበተነበት ይመስላል።

ብዙ ሌንሶች የእጅ መንቀጥቀጥን የሚቀንስ ማረጋጊያ አላቸው። ለግድግዳ ሥዕል በጣም ይረዳል። ግን ማረጋጊያው የሚይዘው የእናንተን እጅ ነው እንጂ ከበሮ የሚመታውን የዲያቆኑን እጅ አይደለም። ለእሱ ብርሃን ያስፈልጋል።

መመዘኛ ሦስት፦ ረጅሙ ጫፍ

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህን ነው፦ "እስከ ስንት ያቀርባል?" አስፈላጊ የሚሆንባቸው ቦታዎች አሉ። የእንጅባራ ፈረሶች፣ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ብቅ የሚል ጉማሬ፣ የሐይቁ ወፎች። ከ100 ሜትር ርቀት ላይ ፉል ፍሬም ላይ ያለ 105 ሚ.ሜ ሌንስ 34 ሜትር ስፋት ያያል። 200 ከሆነ 18 ሜትር። ክሮፕ ላይ ያለ 300 ደግሞ 8 ሜትር ገደማ። ለአንድ ፈረሰኛ ብቻውን 8 ሜትሩ ነው የሚመቸው።

ግን አንድ ነገር አስቡ። 24 ሜጋፒክሰል ካሜራ 6000 በ4000 ፒክሰል ፎቶ ይሰጣል። በ105 የተነሣውን ግማሽ በግማሽ ክሮፕ ብታደርጉት የ210 እይታ ታገኛላችሁ፤ የሚቀረው 3000 በ2000 ነው። ይህ 25 በ17 ሴንቲ ሜትር ጥርት ብሎ ይታተማል። ለስልክ ስክሪንማ ተርፎ ይፈሳል።

ከደጀን አፋፍ ላይ ወደ ዓባይ በረሃ ስታዩም መካከለኛው ርቀት ነው የሚጠቅመው። በሰፊው ካነሣችሁት ያ ሁሉ ገደል ሜዳ መስሎ ይቀራል። ከ70 እስከ 100 ባለው ስታነሡት ግን ሸንተረሩ በሸንተረር ላይ እየተደራረበ፣ በጭጋጉ እየደበዘዘ ይሄዳል። (ታች ድልድዩ ጋ ጠባቂ ስላለ እዚያ ስትደርሱ ካሜራውን ቦርሳ ውስጥ አድርጉት።)

ረጅም ሌንስ የሚገዛ ሰው አንዳንዴ የሚፈልገው ሰውን ሳያስፈቅድ ከሩቅ ማንሣት ነው። ይህ ደስ አይለኝም። ገበያ ላይ ቀረብ ብሎ "እማማ፣ ላንሳዎት?" ማለት ይሻላል። እሺ ካሉ 50 ይበቃል። እምቢ ካሉ 400ም አይረዳም።

ቀሪዎቹ ባጭሩ

ክብደት። ጮቄ ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ጅብራ (የደጋውን ግዙፍ ተክል) ፍለጋ ስትወጡ አንገታችሁ ላይ ያለው እያንዳንዱ 100 ግራም ይታወቃል። ከ500 እስከ 700 ግራም ይቻላል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ካሜራው ከአንገት ወደ ቦርሳ ይገባል፣ ቦርሳ ውስጥ ያለ ካሜራ ደግሞ ፎቶ አያነሣም።

ውሃና አቧራ። ጢስ ዓባይ ስሙን ያገኘው በከንቱ አይደለም፤ መስከረም ላይ ፏፏቴው ሲሞላ ጢሱ መጥቶ ሌንሱን ያጥበዋል። መጋጠሚያው ላይ ጎማ ያለው ሌንስ ይመረጣል። ከሌለው ፊቱ ላይ ፊልተር አድርጉ፣ ንጹሕ ጨርቅ ኪሳችሁ ውስጥ አይጥፋ።

ዋጋ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ብሩ በገበያ እንዲመራ ስለተደረገ የብር ዋጋ ብጽፍ ሳምንት ሳይሞላው ያረጃል። ስለዚህ ሌንሶቹ ገበያ ላይ ሲወጡ የነበራቸውን የዶላር ዋጋ ለማነጻጸሪያ እጠቅሳለሁ።

18–55፦ ምናልባት እጃችሁ ላይ ያለው

ከካሜራው ጋር የሚመጣው ኪት ሌንስ ነው። 200 ግራም ገደማ ነው፤ ዋጋውም ከተከፈለ ቆይቷል። ሰው ይንቀዋል። እኔ ግን ጎጃም ውስጥ ያነሣኋቸው ጥሩ ጥሩ ፎቶዎች ብዙዎቹ የእሱ ናቸው። የጣና ታንኳ፣ የመስከረም አደይ፣ የገበያ ቀን፣ የዘንገና ሐይቅ፣ ሁሉም እዚህ ውስጥ ይገባል። ድክመቱ ጨለማ ነው። 55 ላይ ሲደርስ ብርሃኑ ኤፍ 5.6 ነው። ለፈረስም ያጥራል።

18–135 እና 18–140

የክሮፕ ካሜራ ባለቤት መጀመሪያ ሊያየው የሚገባው ይህን ይመስለኛል። የካኖኑ 18–135 515 ግራም፣ የኒኮኑ 18–140 490 ግራም ነው። ከፉል ፍሬም ጋር ሲነጻጸር እስከ 210 አካባቢ ይደርሳል። ማረጋጊያ አለው። ሠርግና ቪዲዮ የሚሠሩ ልጆች ስለሚይዙት ያገለገለ ይገኛል። ብርሃኑ ግን ከ18–55 አይሻልም፤ ዑራ ውስጥ ያው ናችሁ።

18–300 እና 18–400

እነዚህ በቅሎ ናቸው። የማይጭኑት ነገር የለም። ጉግስ ግን አይጫወቱም።

የታምሮን 18–400 በ2017 እንደ ፈረንጆቹ ሲወጣ 649 ዶላር ነበር፤ 700 ግራም አለፍ ይላል። ለካኖንና ለኒኮን ክሮፕ ዲኤስኤልአር (ውስጡ መስታወት ላለው ካሜራ) የተሠራ ነው። 18–300ው በ2021 መጣ፤ 620 ግራም ነው፤ ለሶኒና ለፉጂ ሚረርለስ (መስታወት ለሌለው ካሜራ) ጀመረ። ሁለቱም ረጅሙ ጫፍ ላይ ኤፍ 6.3 ናቸው። በጠራራ ፀሐይ ይህ ችግር አይደለም። እንጅባራ ላይ ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ በኤፍ 6.3 እና በአይኤስኦ 200፣ 1/1250 ሰከንድ ታገኛላችሁ፤ የሚጋልብ ፈረስ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን ጨዋታው ያልቃል።

ሌላም ጣጣ አላቸው። ጫፎቹ ላይ፣ በተለይ ረጅሙ ላይ፣ ጥራታቸው ለስለስ ይላል። ጭነው ሲውሉ ደግሞ ዙሙ ይላላና አንገት ላይ ሲንጠለጠሉ በራሳቸው ቁልቁል ይረዝማሉ። ለዚህ ነው ጎናቸው ላይ መቆለፊያ ያላቸው። ቆልፉት፤ አለበለዚያ ሽቅብ ስትወጡ ጉልበታችሁን ይመታል። ወፍ ወዳድ ካልሆናችሁ 400 ሚ.ሜ የምትጠቀሙበት ቀን በዓመት ስንት እንደሆነ በሐቀኝነት ራሳችሁን ጠይቁ።

28–200፣ 24–200፣ 24–240

የፉል ፍሬም ሚረርለስ ረጅም ዙሞች ናቸው። የታምሮን 28–200 ለሶኒ የተሠራ ነው፤ 575 ግራም፣ ሲወጣ 729 ዶላር። ሰፊው ጫፍ ላይ ኤፍ 2.8 ነው፤ ለዚህ ዓይነት ሌንስ ይህ ብርቅ ነው። 200 ላይ 5.6 ይሆናል። ሁለት ጉድለት አለው፦ ማረጋጊያ የለውም፣ ሰፊው ጫፍም 28 ነው። ዘንዶው ይቀራል ያልኩት እዚህ ነው። የኒኮኑ 24–200 570 ግራም፣ የካኖኑ 24–240 750 ግራም ነው። እነዚህ 24 ይጀምራሉ፣ ማረጋጊያም አላቸው፤ ብርሃናቸው ግን ከ4 ተነሥቶ 6.3 ይደርሳል።

24–105 እና 24–120 በኤፍ 4

ፉል ፍሬም ላለው ሰው የእኔ ምርጫ ይህ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ኤፍ 4 ነው፤ ዙም ስታደርጉ ብርሃኑ አይሸሽም። ክብደታቸው ከ630 ግራም (የኒኮኑ 24–120) እስከ 700 ግራም (የካኖኑ 24–105) ነው፤ የሶኒው 663። ጥራታቸው ከረጃጅሞቹ ይበልጣል፤ ስለዚህ ቅድም ያልኩት ክሮፕ የማድረግ ሂሳብ ይሠራል። ዋጋቸው ይከብዳል፤ የኒኮኑ ሲወጣ 1,100 ዶላር ገደማ፣ የሶኒው 1,299 ነበር። የኒኮኑ ሌንስ ላይ ማረጋጊያ ስለሌለ ካሜራው ውስጥ መኖሩን አረጋግጡ።

እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ካኖን 24–105 የሚል ሌላ ርካሽ ሌንስም አለው፤ 395 ግራም፣ ሲወጣ 399 ዶላር። ብርሃኑ ግን ከ4 ጀምሮ 7.1 ድረስ ይወርዳል። ለቀን ጉዞ መጥፎ አይደለም። ግን ሰው በስልክ "24–105 አለኝ" ሲላችሁ "የትኛው?" በሉ።

17–70 እና 17–50 በኤፍ 2.8

ክሮፕ ካሜራ ይዞ ገዳማት ለሚያዘወትር ሰው ከዚህ የተሻለ አላውቅም። የታምሮን 17–70 ለሶኒና ለፉጂ ሚረርለስ ነው፤ 525 ግራም፣ ማረጋጊያ አለው፣ ሲወጣ 799 ዶላር። በፉል ፍሬም ሲሰላ 25.5 እስከ 105 ነው፤ 18 ከሚጀምሩት ትንሽ ይሰፋል። ዲኤስኤልአር ያላችሁ ደግሞ የሲግማ 17–50ን ያገለገለ ፈልጉ። 565 ግራም ነው፣ እሱም ኤፍ 2.8 ነው። አርጅቷል፣ ፎከሱም ያንሾካሹካል፤ ጨለማ ውስጥ ግን 18–135ን ያስንቀዋል። ለፈረሶቹ ሁለቱም ያጥራሉ፤ ገመዱ አጠገብ ቦታ ለመያዝ በማለዳ መሄድ ነው።

| ሌንስ | ሰፊው ጫፍ (በፉል ፍሬም ሲሰላ) | ብርሃን | ረጅሙ ጫፍ (በፉል ፍሬም ሲሰላ) | ክብደት | የሚሆነው |
|---|---|---|---|---|---|
| 18–55 (ክሮፕ) | 27–29 | 3.5–5.6 | 83–88 | 200 ግ ገደማ | ለጀማሪ፣ ለቀን ፎቶ |
| 18–135/140 (ክሮፕ) | 27–29 | 3.5–5.6 | 210–216 | 490–515 ግ | ለመንገድ፣ ለበዓል |
| 18–300/400 (ክሮፕ) | 27–29 | 3.5–6.3 | 450–640 | 620–710 ግ | ለወፍ፣ ለፈረስ በፀሐይ |
| 28–200፣ 24–200/240 (ፉል ፍሬም) | 24 ወይም 28 | 2.8–5.6 ወይም 4–6.3 | 200–240 | 570–750 ግ | ሁሉንም በአንድ ለሚል |
| 24–105/120 ኤፍ 4 (ፉል ፍሬም) | 24 | 4 | 105–120 | 630–700 ግ | ለገዳም፣ ለመልክዓ ምድር፣ ለሰው |
| 17–70/50 ኤፍ 2.8 (ክሮፕ) | 25.5–27 | 2.8 | 75–105 | 525–565 ግ | ለጨለማ፣ ለሰው |

ለማን የቱ?

ገንዘብ ከሌለ ምንም አትግዙ። 18–55ቱን ያዙና ገንዘቡን ለጀልባና ለአዳር አውሉት። ከሌንስ ይልቅ ዘጌ ማደር ፎቶ ያሻሽላል።

ክሮፕ ዲኤስኤልአር ካላችሁና መካከለኛ በጀት ከያዛችሁ ጥያቄው አንድ ነው፦ ቤት ውስጥ ነው ወይስ ሜዳ ላይ? ገዳምና ማኅሌት ከሆነ 17–50፤ በዓልና መንገድ ከሆነ 18–135። "ሁለቱንም ነው" ካላችሁኝ እኔ 17–50ን እወስዳለሁ። ፈረሱን ክሮፕ አደርገዋለሁ። ሥዕሉን ግን አላበራውም።

ከውጭ ለዕረፍት መጥቶ በአንድ ሳምንት ከደብረ ማርቆስ እስከ ጣና ለሚዞር፣ ከቤተሰብ ጋር ለሆነ ሰው፣ 24–200 ወይም 18–135 ይመቻል። ልጆች ሲሮጡ፣ አያት በረንዳ ላይ ቡና ሲያፈሉ፣ ጥራት የሚለካ የለም። መንገዱን ግን ከመነሣታችሁ በፊት የአካባቢውን ሰው ጠይቁ።

ፎቶ እንጀራው ለሆነ ሰው ደግሞ ኤፍ 4ቱ ወይም ኤፍ 2.8ቱ። ለወፍ ብቻ የሚሄድ 18–400 ይግዛ፤ ከእኔ ጋር አይከራከር።

ያገለገለ ከሆነ የምትገዙት የስልክ መብራት በኋላው በኩል አብርታችሁ በፊት በኩል እዩት። አቧራ ትንሽ ቢኖር አያስፈራም። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነው፤ ሐይቅ ዳር የከረመ ሌንስ ላይ ያጋጥማል፣ ዋጋው ቢቀነስም ተዉት። ዙሙን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዙሩት፤ አሸዋ እንደበላ የሚንቋቋ ከሆነም እንዲሁ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ያለ ወጪ የሚሞከር ነገር አለ። የድሮ ፎቶዎቻችሁን ኮምፒውተር ላይ ክፈቱና እያንዳንዱ በስንት ሚሊ ሜትር እንደተነሣ እዩ፤ ፋይሉ ላይ ተጽፏል። እኔ ሳየው ከግማሽ በላይ የሆኑት ከ35 በታች ነበሩ፣ በአፌ ግን ሁሌ "ረጅም ሌንስ ቢኖረኝ" እል ነበር። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ገበያ ውጡ። ዙሙን ሰፊው ጫፍ ላይ አድርጋችሁ ቀለበቱን በፕላስተር እሰሩት። ማታ ስትመለሱ እጃችሁ ፕላስተሩን ሊልጥ ስንት ጊዜ እንደሄደ፣ ምን ስታዩ እንደሄደ ጻፉት።